የጠሃ ኮከብ

መቀሌ ዓዲ ሓቂ፣ ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ባለችው ፀጉር ቤታችን ሳሊሃ የደንበኛዋን የልደት ወር ሳትጠይቅ ማበጠሪያ አታነሳም። ከወሎ ሐይቅ ወደ መቀሌ የመጣችው በልጅነቷ ነው፤ ኮከብ የተማረችው ግን ከመጽሔት ነው። እኔ ዘቢብ፣ በሁለተኛው ወንበር የምሠራው፣ ነገሩን የሥራ ፈት ወሬ ነበር የምለው። እሷ ግን ወሩን ከሰማች የሴትዮዋን ጠባይ ትዘረግፈዋለች። አሰድ ከሆነች ከመስታወቱ አትላቀቅም። ሚዛን ከሆነች «ሹሩባ ይሁን ወይስ ካስክ» ስትል ውላ ሁለቱንም ሳትሠራ ትሄዳለች። ሸርጣን እንባዋ እየወረደ «ምንም አላመመኝም» ትላለች። እኔን «ሠውር ነሽ» ብላኛለች፤ ግትር ማለቷ ነው። ግትር አይደለሁም ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ተከራከርኳት።

በሚሌኒየሙ ዓመት ጠሃ መጣ። ሮማናት አደባባይ አካባቢ ጨርቅ የሚሸጥ፣ እንደ እሷው የወሎ ልጅ፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ ሰው ነው። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ፈቃዷን ጠየቃት። የሳሊሃ ልብ ከሄደ ሰንብቷል፤ ይህን እኔ ብቻ ሳልሆን ተማሪው ሁሉ ያውቅ ነበር። ግን ያለ ኮከብ ጫማ እንኳ የማትገዛ ሴት ባል እንዴት ታግባ? ጠሃ መታወቂያውን አሳያት፤ መስከረም አንድ ይላል። ሰንቡላ ማለት ነው፣ መሬት። እሷ ደግሞ ሑት ናት፣ ውሃ። ውሃና መሬት ከተገናኙማ ቡቃያ ነው! ያን ቀን ደስታዋ ተጋብቶብኝ እኔም ስዘፍን ዋልኩ።

ደስታው አላደረም። በማግስቱ የራሷን መታወቂያ ብታወጣ እሱም መስከረም አንድ ይላል። የእኔም እንደዚያው። የተወለደበትን ቀን ለማያውቅ ሰው የሚጻፍለት ይኸው ነው፤ በመታወቂያ ከሄድን የመቀሌ ሕዝብ ግማሹ ሰንቡላ ሊሆን ነው። እሷ እውነተኛ ወሯን የካቲትን ከእናቷ ሰምታለች፤ ጠሃም የራሱን እናት እንዲጠይቅ አዘዘችው። ሐይቅ ወዳሉት እናቱ ደወለ። እሳቸውም አላመነቱም፤ የጤፉ አጨዳ ሲጋመስ፣ ኅዳር ሊወጣ ሲል ነው የወለድኩህ አሉት።

ኮከቡ ቀውስ ሆነ። እሳት።

ሳሊሃ አኮረፈች። ከደንበኛ ጋር ማውራት ቀርቶ ኮከብ መጠየቁንም ተወች፤ ያስደነገጠኝ ይኼ ነው። ተናደድኩም።

«ሓፍተይ፣ እህቴ፣ የምታገቢው ሰውየውን ነው ወይስ ወሩን?» አልኳት።

እሳትና ውሃ አንድ ቤት አያድሩም ብላኝ፣ ካስክ ውስጥ ያስቀመጠቻትን ልጅ ረስታ ወጣች። ልጅቷን ሳትቃጠል ያወጣኋት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ቤቱ በሴት ጢም ብሎ ሳለ ጠሃ በሩ ላይ ቆመ። ሴቶቹ ሻሻቸውን ሳብ ሳብ አደረጉ። እሱ ማንንም አላየም።

«ሳሊሃ፣ በየትኛው ወር ብወለድ ታገቢኛለሽ? አንቺ ምረጪልኝ፣ እኔ ሄጄ መታወቂያዬን አስለውጣለሁ።»

ከዚያ ወዲያ ማን ይስማማ! አንዷ ሐምሌ ትላለች፣ ሌላዋ ጥር ይሻላል ትላለች፣ ፀጉሯ በግማሽ የተሠራላት ተማሪ ተነስታ ለየወሩ ጠበቃ ሆነች። እኔ በኮከብ የማላምነዋ፣ ጥቅምት በለው፣ አቅራብ ውሃ ነው፣ ከእሷ ጋር ይስማማል እያልኩ ስጮህ ራሴን አገኘሁት።

ሳሊሃ ማበጠሪያዋን አስቀምጣ ትክ ብላ አየችው።

«እናትህ ኅዳር ካሉ ኅዳር ነው» አለች። «እናትህን አላስዋሽም።»

ጠሃ አንገቱን ደፍቶ ለመውጣት ዞረ።

«ወዴት ነው?» አለችው። «ሽማግሌዎቹን ላክ እንጂ። ውሃስ እሳት ካላገኘ በምን ይፈላል?»