ዝግባውን ያንኳኳሁበት ዓመት

የመጥረቢያ ጀርባ ጤነኛ ግንድ ላይ ሲያርፍ የሚሰጠው አጭርና ደረቅ ድምፅ ሳላስበው ወደ ጆሮዬ ይመጣል፤ ጎረቤት ሚስማር ሲመታ፣ ሕፃን በር ሲደበድብ፣ ወዲያው ጉለሌ ባለው የልጅነት ግቢያችን ውስጥ ራሴን አገኘዋለሁ። እኛ ቤት ዛፍ ሳይንኳኳ አይወጣም ነበር። አባቴ ግንዱን እየዞረ በመጥረቢያው ጀርባ ይመታል፣ ጆሮውን ይለጥፋል፣ ድምፁ እንደ ባዶ እንስራ ከጎላበት ውስጡ በስብሷል ብሎ መሣሪያውን ሰብስቦ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር።

አባቴ ቅርንጫፍ እየመለመለ የሚኖር ሰው ነበር። በደርግ ዘመን ከዊንጌት እስከ ሸጎሌ፣ ጣሪያው ላይ ባሕር ዛፍ ያዘነበለበት፣ አጥሩን ጥድ የገፋበት ሰው ሁሉ እሱን ይጠራ ነበር። ገመዱን የምትይዘው እናቴ ነበረች። እሱ ከላይ ቅርንጫፉን አስሮ ሲቆርጥ፣ እሷ ከታች የገመዱን ጫፍ ግንዱ ላይ ሁለቴ ጠምጥማ፣ ክብደቱን ለግንዱ አሸክማ፣ ቀስ እያለች ታወርደው ነበር። በሥራ ላይ የሚነጋገሩት ሁለት ቃል ብቻ ነበር፤ «ያዢ!» እና «ልቀቂ!»። መንገደኛ ቆሞ «ደግሞ ሴት ገመድ ትይዛለች?» ሲል፣ እናቴ ዞር ሳትል «ና፣ አንተ ያዘውና እኔ ልይህ» ትለው ነበር። የመጣ አንድም ወንድ አላስታውስም።

አንድ ክረምት፣ ነሐሴ ውስጥ፣ አባቴ ዝናብ ካረጠበው ባሕር ዛፍ ላይ ወደቀ። ዳሌው ተሰብሮ ከወራት በኋላ ሲድን አንድ እግሩ አጠረ። ከሆስፒታል በተመለሰ ዕለት ገመዱን በገጀራ ቆራርጦ ለጎረቤት የበግ ማሰሪያ ሰጠና፣ «ይህ ሙያ በእኔ ይብቃ፤ በዚህ ቤት ከእንግዲህ ዛፍ የሚወጣ የለም» አለ። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። እኔ ደግሞ አትችልም ሲሉኝ ደሜ የሚፈላ ሰው ነኝ፤ ያን ጊዜም እንዲሁ ነበርኩ።

ኅዳር ላይ አባቴ የጠረበውን የመጥረቢያ እጀታ ይዞ ወደ አዲሱ ገበያ መውጣት ጀመረ፤ እሱ ከበር ሲወጣ እኔ ግቢያችን ውስጥ ያለው ትልቁ ዝግባ ላይ እወጣ ነበር። ያስተማረኝ የለም። የሚሸከመኝን ቅርንጫፍ በእግሬ፣ የሚከዳኝን በጆሮዬ እለይ ነበር። እናቴ እያየችኝ እንዳላየች ትሆናለች።

በጥር ወር ጭን የሚያክል ቅርንጫፍ ልቁረጥ ብዬ መጋዙን ከላይ ጀመርኩ። ግማሹ ላይ እንኳ ሳልደርስ በገዛ ክብደቱ ተሰበረና የግንዱን ልጣጭ ክንድ በሚያህል ርዝመት ገፎ ይዞት ወረደ፤ የበግ ቆዳ ሲገፈፍ ያየ ያውቀዋል። አባቴ ሲገባ ቁስሉን አየ፣ በመዳፉ ዳሰሰው፣ ወደ ቤት ገባ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ የአጥራችንን ባሕር ዛፎች እየወጣሁ፣ እየሞከርኩ፣ እየተላላጥኩ፣ ቅርንጫፍ ሲሶው አስቀድሞ ከሥር ተገዝግዞ ከዚያ ከላይ እንደሚጨረስ በራሴ ደረስኩበት። ቅርንጫፉ ከግንዱ በሚወጣበት ቦታ እንደ አንገት ያበጠ ቀለበት አለ፤ እሱ ካልተነካ ዛፉ ቁስሉን ራሱ ይዘጋዋል። ይህ ዛሬ በመጽሐፍ ተጽፏል ይሉኛል። እኔ ሳላነበው አውቄዋለሁ።

ከአጥራችን ጀርባ ሰው ለስኳርና ለሳሙና የሚሰለፍበት የቀበሌ ሱቅ ነበር፤ የዝግባው ትልቁ ቅርንጫፍም ከሱቁ ቆርቆሮ በላይ ተዘርግቶ ነበር። በግንቦት የቀበሌው ሊቀመንበር ሽጉጡን ታጥቆ፣ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ ግቢያችን ገባና፣ እኔ የገፈፍኩትን ቁስል በጣቱ እያሳየ፣

«በስብሷል። ክረምቱ ሳይገባ ከሥሩ ይውረድ። ጣውላው ለቀበሌው አዳራሽ ወንበር ይሆናል» አለ።

አባቴ ከዘራውን ተደግፎ ቆመ። ዛፉ ሊሞት የነበረው በእኔ ጥፋት ነበር። መጥረቢያውን አነሣሁና ግንዱን ዞሬ አንኳኳሁት።

«አልበሰበሰም። ይስሙት።»

«ዛፍ በር ነው እንዴ የምታንኳኳው?» ሲል ጠባቂዎቹ ሳቁ።

«በር ቢሆንማ እርስዎ ሳይገቡ እዘጋው ነበር።»

«አንተ ልጅ!» አለች እናቴ፤ እኔ ግን አላቆምኩም። «ሱቁን የሚያሰጋው አንድ ቅርንጫፍ ነው። እሱን አወርደዋለሁ። ዛፉን ግን አልቆርጥም፤ ሌላም ሰው አይቆርጠውም።»

ሊቀመንበሩ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። «እሺ፣ ጎረምሳው። ቆርቆሮው ከተጎዳ ግን ዛፉም ይወርዳል፣ አባትህም ይጠየቃል።» በዚያ ዘመን መጠየቅ ምን እንደሆነ ማንም ማብራሪያ አያስፈልገውም ነበር።

ገመድ አልነበረንም። ጎረቤታችን ጋሽ ሸምሱ ከሱቃቸው አዲስ ገመድ አምጥተው ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝና፣ «እንካ። ብትወድቅ ግን በሸምሱ ገመድ ወደቅሁ እንዳትል» አሉኝ።

ሰኔ መባቻ ላይ፣ ሰልፈኛው ከሱቁ ደጃፍ ሸሽቶ አንጋጦ እያየ፣ ወጣሁ። እናቴ መቀነቷን አጠበቀችና፣ «እዚያ ላይ ሆነህ አንቱ የሚባል ነገር የለም፤ አንቱ እስክትል ቅርንጫፉ ይወድቃል» አለችኝ። እናቴን አንቱ ብዬ ነበር ያደግሁት። ገመዱን ከፍ ባለው ባላ አሳልፌ ቅርንጫፉን መሐሉ ላይ አሰርኩና መጋዙን ያዝኩ። አባቴ ጀርባውን ሰጥቶን አጥሩ ሥር ቆሞ ነበር። የመጋዙን ድምፅ ሲሰማ ግን ዞረና ጮኸ፤

«ከሥሩ! ከሥሩ ጀምር!»

«ጨርሻለሁ!» አልኩት። እውነቴን ነበር፤ ከሥር ጨርሼ ወደ ላይ ዞሬ ነበር።

ቅርንጫፉ ተንቋቋ። «ያዢ!» ስል ገመዱ ተወጠረ፣ እናቴ ተረከዟን መሬት ውስጥ ቀብራ ወደ ኋላ ተቀመጠችበት፣ ያ ሁሉ ክብደት ከቆርቆሮው አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ተንጠለጠለ። ሰልፈኛው ትንፋሹን ዋጠ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ግንዱ ሲወዛወዝ ቅጠሉ ቆርቆሮውን እንደ መጥረጊያ ጠረገው። «ልቀቂ!» አልኩ፤ ግቢያችን ውስጥ እንደ ተኛ ሕፃን አረፈ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ጣሪያዎን ጠረገልዎት እኮ!» አለች አንዲት ሴት ከሰልፉ፤ ሰፈሩ በሳቅ ተናጋ። ሊቀመንበሩ ቆርቆሮውን በመሰላል ወጥቶ አየ፣ ወረደ፣ ቅርንጫፉን አስጭኖ ሄደ። አባቴ አንገቱን አቅንቶ የቆረጥኩበትን ቦታ ለረጅም ጊዜ ሲመለከት ቆየና «ቀለበቱን አልነካኸውም» አለኝ። በማግስቱም የጋሽ ሸምሱን ገመድ ሊመልስ ሄዶ፣ ገዝቶት መጣ።

ከዚያ ወዲህ በጉለሌ ያልወጣሁት ዛፍ ጥቂት ነው፤ አንድ ቆርቆሮ ጎድተሃል የሚለኝ ካለ ዛሬም ይምጣ። አሁን ወጣቶቹ ባለ ሞተር መጋዝ ይዘው ይመጣሉ፣ ሳያንኳኩ ይወጣሉ፣ ዛፉን መላጣ አድርገው ከምሳ በፊት ይሄዳሉ። እኛ አንዱን ቅርንጫፍ ለማውረድ ቀን ሙሉ እንፈጅ ነበር። ባለፈው ሰሞን ወደ ድሮው ግቢያችን ሄጄ ዝግባውን አየሁት። የገፈፍኩትን ቁስል ልጣጩ ከግራና ከቀኝ እየሸፈነ መጥቶ፣ አሁን ጣት ብቻ የሚያስገባ ስንጥቅ ቀርቷል። ከዘራዬን ገልብጬ ግንዱን አንኳኳሁት። ዛሬ የእኔ ጉልበት ቢንኳኳ እንደ ባዶ እንስራ ይጮህ ይሆናል፤ ዝግባው ግን ያንኑ አጭርና ደረቅ ድምፅ ሰጠኝ።