የእናቴን ዓይን ሽማግሌ ልካ ወሰደችው

አዎ፣ ቀንቻለሁ። ይባልልኝ! ቤተ ሙከራ ውስጥ ከጎኔ በምትሠራው ባልደረባዬ ቅናት አንጀቴ አሯል።

ሁለታችንም የምናጠናው አንድ ነገር ነው፤ የዓይን ብሌንን ከውስጥ በኩል የሚሸፍኑት ሕዋሳት ለምን እንደሚሞቱ። የእነሱ ሥራ ከብሌኑ ውኃ እየመጠጡ ማስወጣት ነው። ሲሞቱ ምትክ የላቸውም። ብሌኑ ውኃ ይቋጥርና ሰውየው ዓለምን በጉም ውስጥ ያያል፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ይብስበታል።

እናቴ ይህ በሽታ አለባት። የካ ሚካኤል ካለው ቤታችን ደጃፍ ተቀምጣ “እንጦጦ ዛሬም አልነጋለትም” ትላለች፤ ተራራው የሚታያት ከቀትር በኋላ ነው። በሽታው ከእናት ወደ ልጅ ሊተላለፍ ይችላል። እንግዲህ ነገ የኔም ዓይን ነው።

ብሌኗን የምትቀየርበት ተራ ሲደርስ፣ የሚወጣው የታመመ ሽፋን ለኔ ጥናት እንደሚሆን ለአፍታም አልተጠራጠርኩም። እናቴ አይደለች? ቤተ ሙከራ ገብቼ “የኔ ነው” ብዬ አወጅኩ። እሷን ራሷን ግን አልጠየቅኋትም። የገዛ እናቱን የሚለምን ማን አለ!

ይህን ስል ባልደረባዬ ሰምታለች። ቅዳሜ ወደ ቤት ስገባ የእናቴ የነፍስ አባትና ከጽዋ ማኅበሯ ሁለት ሴቶች ሳሎናችን ውስጥ ቆመዋል። በሩ አጠገብ ባልደረባዬ ነጠላዋን አጣፍታ አንገቷን ደፍታለች። ፕሮቴስታንት ናት እኮ! ቄሱን በምን አፏ አሳመነቻቸው?

እናቴ “ኧረ ቁጭ በሉ” ብትላቸው፣ “የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም” አሉ።

“ከዓይንዎ የሚወጣውን ለዚህች ልጅ እንዲሰጧት ልንለምንዎት ነው። በሽታውን ታጠናበታለች።”

ለጋብቻ እንኳ ቀጠሮ ይሰጣል። እናቴ ቀጠሮ ሳትሰጥ “ሰጥቻለሁ” አለች።

“እማዬ! እኔስ?”

“አንቺ መቼ ጠየቅሽኝ? በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባል የለ። ቀዶ ሕክምናው መቼ እንደሆነ እንኳ ነርሷን ነው የጠየቅሽው።”

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ጠላ የቀዳሁላቸውም እኔው ነኝ።

ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ። ከዚያ ወዲህ እናቴ በየጠዋቱ የምትደውለው ለባልደረባዬ ነው። “ልጄ፣ እንዴት አደሩልሽ?” ትላታለች፤ ሕዋሳቱን መጠየቋ ነው። “ልጄ”! እኔ ከጎኗ ቁርስ እየበላሁ።

ትናንት ባልደረባዬ “ነይ እይ” አለችኝና በአጉሊ መነጽሩ አየሁ። በኔ የማሳደጊያ ሳህን ላይ እንዲህ ያሉ ሕዋሳት ይዘውልኝ አያውቁም፤ ይሞታሉ። የእናቴ ሕዋሳት በሷ ሳህን ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው ተንጣልለዋል። ማማራቸው! በንዴት እንባዬ መጣ።

“ምግባቸውን ትቀይሪላቸዋለሽ?” ብላ የፈሳሽ መምጠጫውን ዘረጋችልኝ። ተቀበልኩ። ወደ ሳህኑ አስጠጋሁት።

“ቀስ በይ፣ እንዳትጎጃቸው፤ አደራ!” አለችኝ።

በገዛ እናቴ እኔን አደራ አለችኝ።