ሳያማት እግሯን የነከረች

ከሥራ እስከ የካ አባዶ አውቶቡስ ላይ ቆሜ መጣሁ። እንደገባሁ የባህር ዛፍ ቅጠል አፈላሁና ጨው ጨምሬበት እግሬን ሳፋ ውስጥ ነከርኩ። እንፋሎቱ አፍንጫዬ ሲደርስ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ እንጦጦ ሥር ያደግኩበት ቤት ታወሰኝ።

እናቴ ቀን ትምህርት ቤት ስታጸዳ ትውልና ማታ የአባቴን እግር ታጥብ ነበር። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ግን ሳፋውን ወደ ራሷ ሳበችው። የተሰነጣጠቀ ተረከዟን ውሃው ሲነካው ዓይኗን ጨፍና «እፎይ» አለች። ከዚያ በፊት እንዲህ ስትል ሰምቻት አላውቅም ነበር።

በዚህ መሃል የአባቴ ታላቅ እህት፣ እትዬ አሰለፈች፣ ገቡ። እናቴ «ኖር!» አለች እንጂ ከመቀመጫዋ አልተነሳችም። የተቀቀለ ባህር ዛፍ የሚሸተው ሰው የታመመበት ቤት ነውና እትዬ ደነገጡ።

«ውይ በሞትኩት! ምንሽን አሞሽ ነው?»

«ምንም አላመመኝም፣ እትዬ።»

«ታዲያ ሳያምሽ ነው እግርሽን ነክረሽ፣ እንግዳ ተቀምጠሽ የምትቀበዪው?»

«ከታመምኩማ እርስዎም መጥተው ያጥቡኛል። በደህናዬ ግን ከራሴ በቀር ማን አለኝ?» አለችና ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ፣ ሙቅ ውሃ ጨምሪልኝ!»

ነገሩ በደንብ ሳይገባኝ፣ የእትዬን ፊት በፍርሃት እያየሁ ጨመርኩላት።

አሁን ባሌ ሽታው ስቦት ከሳሎን መጣ። በር ላይ ቆሞ ሳፋውንም እኔንም አየ።

«ምነው፣ አሞሻል እንዴ?»

«ደህና ነኝ» አልኩት። «ማንቆርቆሪያው እዚያ አለ፤ ሙቅ ጨምርልኝ።»