ፍሬኑን ያየው የለም

ባለፈው ሳምንት ከሜክሲኮ ወደ ካዛንቺስ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት ስልኩን ወደ እኔ አዘንብሎ፣ «ጋሼ፣ ዓለምን የሚገዙት ጥቂት ሰዎች ናቸው የሚባለውን ሰምተዋል?» አለኝ። «እስኪ ልስማው» አልኩት። ደስ አለው፤ ሌላው ሰው የሚስቅበት ይመስለኛል። ስወርድ የማውቀው ሰፈር ፈርሶ ሰፊ መንገድ ሆኗል። እኔ ግን የማስበው ስለ ታምራት ነበር።

ታምራት የድሮ ጎረቤቴ ነው። ጋዜጣ ላይ ሥራ ጀምሬ ካዛንቺስ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ስኖር፣ በከተማው ውስጥ ከእሱ ሌላ ወዳጅ አልነበረኝም። ከመጽሐፍ አከራይ አንድ መጽሐፍ በጋራ እንወስዳለን፤ እሱ ቀን ያነባል፣ እኔ ከሥራ ስመለስ እቀበለዋለሁ። የምንመርጠው ስለ ስውር ማኅበራትና ስለ ተሸፋፈኑ ግድያዎች የሚያወሩትን ነበር። እወዳቸው ነበር። ባለሥልጣን እንደሚዋሽ ለጋዜጠኛ መንገር አያስፈልግም። ግን «ይህን ማን አየ?» እያልኩ ነው የማነበው፤ ደራሲዎቹ ብዙውን ጊዜ እዚያ ላይ ሲደርሱ ወሬ ይቀይራሉ።

ጠዋት ጠዋት ፉል ቤት እንከራከራለን። ክረምት ስለነበር ጫማችን ጭቃ ነው፤ ፉሉ ቃሪያ በዝቶበት ይፋጃል፣ ዳቦው ትኩስ ነው። «አንተ እኮ ጨረቃንም ደረሰኝ አምጪ ትላታለህ» ይለኛል አፉን ሞልቶ።

በዚያው ክረምት የጭነት መኪና ሹፌር የነበረው ታላቅ ወንድሙ ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ ገደል ገብቶ ሞተ። ከለቅሶው በኋላ ታምራት ክፍሌ ድረስ መጣ።

«ፍሬኑን ቆርጠውበት ነው። የጫነው ዕቃ የማን እንደሆነ ብታውቅ! በቃ ጻፈው።»

«ማን ነገረህ?»

«ማን ይነግረኛል? ስናነበው የከረምነው ምን ነበር ታዲያ?»

አጣራለሁ አልኩት። ዘሎ የተረፈውን ረዳት እግሩ በጀሶ ታስሮ ዘመዶቹ ቤት አገኘሁት። «እንቅልፍ እንዳይወስደው ይዘፍን ነበር» አለኝ። «ዘፈኑ ሲቆም ቀና ብዬ ሳየው ዓይኑ ተከድኗል።» መኪናው ተቃጥሎ ስለነበር ስለ ፍሬኑ የሚናገር ሰው ግን አጣሁ።

በማግስቱ ፉል ቤት ረዳቱ ያለኝን ለታምራት ነገርኩት። መብላት አቆመ።

«ሌላስ?»

ዝም ማለት እችል ነበር። «ፍሬኑን ያየው የለም፤ መኪናው ተቃጥሏል» አልኩት፤ እውነት ነውና።

ፊቱ በራ። «ይኸው! አላልኩህም?»

«ተቆርጧል አላልኩም፤ አልታየም ነው ያልኩህ።»

«ትጽፈዋለህ አትጽፈውም?»

«አልጽፈውም፣ ታሜ።»

«አንተንም ገዝተውሃላ!»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ዳቦውን እንደቆረሰው ትቶ ወጣ፤ ክረምቱ ሳያልቅም ሰፈር ለቀቀ። ከዚያ በኋላ መጽሐፍ ለብቻዬ እከራይ ጀመር። ማታ አንብቤ ስጨርስ ጠዋት የሚሰድበኝ ሰው አልነበረም።

እንዲህ ያሉትን መጻሕፍት አሁንም አነባለሁ። አንዳንዴ ማንም ያልጠየቀውን ይጠይቃሉ፤ መልሱን ግን ሳይፈልጉት ነው የሚያገኙት። ሰው የሚያምናቸው ሞኝ ሆኖ ነው ሲባል ግን አልስማማም። ወንድምህ እንቅልፍ ወስዶት ሞተ ከሚሉህ ጠላት ገደለው ቢሉህ ሐዘኑ የሚይዘው ነገር ያገኛል።

ታምራት አዳማ እንደሚኖር ሰምቼ ስልኩን ከሰው ተቀብያለሁ። ብደውል መጀመሪያ የሚጠይቀኝን አውቃለሁ፤ የምመልስለትም ያንኑ ነው። እስካሁን አልደወልኩም።