ዓይኔን ጨፍኜ ለመቆም

መጀመሪያ የወደቅኩ ቀን ጉባኤው በሙሉ «ሃሌሉያ» አለ። እኛ ጸሎት ቤት ቆሞ ነው የሚጸለየው፣ ዓይን ተጨፍኖ። እኔም ጨፈንኩ። ወዲያው መሬቱ ከሥሬ የሄደ መሰለኝና ወደ ኋላ ተዘረርኩ። አጠገቤ የምትቆመው ጎረቤቴ ነጠላዋን አለበሰችኝ። ሊያነሳኝ የመጣ የለም፤ መንፈስ ወርዶብኝ ከጌታ ጋር ያለሁ መስሏቸው።

«እግሬ ነው እኮ» አልኳት ስንወጣ።

«ተዪ እንግዲህ፣ ትሕትና አታብዢ» አለችኝ። ሁለተኛ ስወድቅማ ጭራሽ ነጠላዋን አዘጋጅታ ጠበቀችኝ።

ስኳር ካገኘኝ ቆይቷል። እግሬን መጀመሪያ ያቃጥለኝ ነበር፣ ኋላ ዝም አለ። ዝም ሲል የዳንኩ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን አንዱ ጫማዬ መንገድ ላይ ወልቆ ቀርቶ፣ ሳላውቅ እስከ ፌርማታው ሄጃለሁ። ይኼ እግር እኮ ድሮ ቅቤ ተሸክሜ ኮልፌ ገበያ ስመላለስ፣ የክረምቱ ጭቃ የት ጋ እንደሚያንሸራትት ከእኔ ቀድሞ ያውቅ ነበር።

ልጄ «እማዬ፣ ቁጭ ብለሽ ጸልዪ፤ ጌታ ወንበር አይጠላም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ግን እሷንም ከጌታ የለመንኳት ቆሜ ነው። ወንበሩ ላይ እግሬ ጨርሶ እምቢ ሲለኝ እቀመጣለሁ፣ አልኳት።

ሐኪም ቤት የሰውነት እንቅስቃሴ የምታሠራ ልጅ አለች። ዓይኔን አስጨፈነችኝና በጥጥ የውስጥ እግሬን ነካካችኝ።

«ተሰማዎት እማማ?»

«መቼ ነው የምትጀምሪው?» አልኳት። ለካ ጨርሳለች።

«እስከ ዛሬ በእግርዎ ፈንታ ያቆመዎት ዓይንዎ ነው» አለችኝ። «እሱን ሲጨፍኑት ማን ይያዝዎት? እንደ ድሮው ይሆናል ብዬ አልዋሽዎትም። የቀረውን ስሜት ግን እንቀስቅሰው።»

እዚያ ስሄድ እንደ ንብ እየጮኸ የሚንቀጠቀጥ መሣሪያ እግሬ ሥር ታደርግልኛለች። ቤት ደግሞ ልጄ ቁስል እንዳይኖር እግሬን አገላብጣ ታያለች፤ ከዚያ በለስላሳ ብሩሽ፣ ቀጥሎ በሻካራ ጨርቅ ታሸኛለች። ከዚያ አልጋውና ግድግዳው መሀል ገብቼ ስፖንጅ ላይ እቆማለሁ፣ ዓይኔን እየጨፈንኩ። ስንት ጊዜ አልጋው ላይ ወደቅኩ። ተነስቼ እንደገና። ልጄ «አልጋውን ጨረስሽው» ትለኛለች።

የመሣሪያው ድምፅ ለብዙ ጊዜ በጆሮዬ እንጂ በእግሬ አልመጣም። አንድ ቀን ግን ተረከዜ ላይ ጉንዳን የሄደ መሰለኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ፣ ጉንዳን የለም። እንባዬ መጣ።

በዚያው ሰሞን እሑድ፣ እግሬን ትንሽ ከፈት አድርጌ፣ ሁለት ጣቴን ብቻ ከፊቴ ያለው ወንበር ላይ አሳርፌ ጨፈንኩ። ወዘወዘኝ። ከአጠገቤ የነጠላ ኮሽታ ይሰማኛል። የእግሬን አውራ ጣት መሬት ላይ ተጫንኩት፤ ተረከዜ ላይ ያቺ ጉንዳን መጣች። ሌላው ብዙ ይጸልያል፣ እኔ «አቁመኝ» ብቻ ነበር የምለው። እስከ አሜን።

ዓይኔን ስገልጥ ጎረቤቴ ነጠላዋን ዘርግታ ቆማለች።

«ዛሬ መንፈስ አልወረደብሽም?»

«ወርዷል» አልኳት። «ነጠላሽን ልበሺው፣ ይበርድሻል።»