ለሽጉጥ የሰፋሁት ኪስ

ሳነክስ ያየኝ ሰው "ምን ነካህ?" ብሎ ሲጠይቀኝ "ወንድሜ" እላለሁ። ይስቃሉ። እኔ ግን የምሬን ነው።

ቡታጅራ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። አባታችን ሲሞት ያሳደገኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። በፔዳል የምትሠራዋን የስፌት ማሽኔንም የገዛልኝ እሱ ነው። ይህን ውለታ እኔ ብረሳው እንኳ እሱ አይረሳውም፤ ሰርግ ላይ፣ ለቅሶ ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ያነሳዋል።

ጋሼ የምለው ይኸው ወንድሜ የበርበሬ ነጋዴ ነው፤ ቆሼ ከተማ ገበያ እየወረደ ይገዛል። መንገዱ አላምር ሲለው ፈቃድ አወጣና ሽጉጥ ገዛ። በሳምንቱ አዲስ ሱሪ ይዞ ሱቄ መጣ።

"በቀኝ በኩል፣ ከቀበቶው ሥር፣ የውስጥ ኪስ ስፋልኝ። እንዳያስታውቅ አድርገህ።"

"ጋሼ፣ የቆዳ አፎት ብትገዛለት አይሻልም? ጣት የሚስበውን ምላጩን የሚሸፍን ነገር ያስፈልገዋል።"

ይህን የነገረኝ ጡረታ የወጣ ወታደር ደንበኛዬ ነበር። ምላጩ እርቃኑን የሆነ ሽጉጥ ጌታውን አያውቅም ይል ነበር።

"አፎት ያብጣል፤ ኮቴን ገፍቶ ይታያል" አለ ጋሼ። "ደግሞ አንተን ስለ ሽጉጥ ማን አስተማረህ? ስፋ ስትባል ስፋ!"

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ምን ያደርጋል፣ አፌ ለእሱ እሺ ከማለት ሌላ አልለመደም። ወፍራም ጨርቅ ላድርግበት ብለው ያብጣል አለኝ፤ በስስ አቡጀዲ ሰፋሁት። ስፌቱ እንዴት ያምር ነበር! እስካሁን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው፤ በዕድሜዬ እንደዚያ የተዋጣልኝ ኪስ የለም።

አምና ለመስቀል እንሴኖ አጠገብ ባለው የአባታችን ቤት ሁላችንም ተሰበሰብን። በሬው ለእርድ ሊጣል ነው። ጋሼ ያንኑ ሱሪ ለብሷል። ሽጉጡን ቤት አስቀምጠው ያለው ሰው የለም፤ እኔም ጭምር። ለካ ጥይት አጉርሶታል። የመጋዘኑን ቁልፍም እዚያው ኪስ ውስጥ ጨምሮታል። የበሬውን እግር ልያዝ ብሎ አጠገቤ ቁጢጥ ሲል ቁልፉ ምላጩን ገፋው። ጧ! በሬው ቆሞ ቀረ፤ እኔ ወደቅሁ።

ከቀኝ እግሬ ሁለት ጣት ሄደ። በቃሬዛ ሲያወጡኝ ከግቢው ሰው ሁሉ አፍ "አፎት ቢኖረው ኖሮ" የሚል ይሰማ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

ጋሼ አለቀሰ፤ አልዋሽም። የሐኪም ቤቱንም ወጪ ሁሉ ችሏል። በሦስተኛው ቀን ግን ጠያቂ በሞላበት ክፍል ቆሞ "ኪሱን አላልቶ ሰፍቶት እኮ ነው" አለ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔ አልጋ ላይ ተጋድሜ፣ እግሬ ተጠቅልሎ፣ ጥፋተኛው እኔው! እግዜር ያሳይህ ልለው ፈልጌ ነበር፤ ታላቄ ነውና ዋጥኩት።

ዛሬ ማሽኗን የምመታው በግራ እግሬ ነው። ስፌቴ ይወላገዳል፤ ደንበኞቼም አንድ በአንድ ፊት ለፊቴ ወዳለው ሰፊ ተሻግረዋል። አልፈርድባቸውም፤ ጠማማ ሱሪ ማን ይለብሳል?

ባለፈው ሳምንት ጋሼ ሌላ ሱሪ ይዞ መጣ።

"አሁን ጠበቅ አድርገህ ስፋልኝ።"

"አልሰፋም!" አልኩት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ።

"እንዴ! ይቺን ማሽን ማን የገዛልህ ይመስልሃል?"

"አንተ። የምመታበትን እግርስ ማን ወሰደው?"

ሱሪውን ከጠረጴዛዬ አንስቶ መንገዱን ተሻገረ። ያኛው ሰፊ ምንም ሳይጠይቅ ቁጭ ብሎ ኪሱን እንደ ድሮው በቀኝ በኩል ሰፋለት፤ እያየሁት።

እነሆ መስቀል ደርሷል። እንደ ወጉ እዚያው ቤት እንገባለን፤ አልሄድም ማለት አይቻልም። ልጆቼ አጎታቸውን ሲያዩ ከበር ጀምረው ሮጠው ጉልበቱን ነው የሚስሙት። እሱም ደስ ይለዋል፤ ጎንበስ ብሎ ይመርቃቸዋል። ትናንት ሁለቱንም አጠገቤ አስቀምጬ መከርኳቸው። አለመሳም ነውር ነው፣ ሳሙት፣ ግን የግራ ጉልበቱን ብቻ አልኳቸው።