የወሎዬዋ ዓይን

አስመራ የገባሁት የወታደር ሚስት ሆኜ ነው። ፌዴሬሽኑ ከፈረሰ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ባሌ ከጎጃም ይዞኝ ሲመጣ ሃያ ዓመት አልሞላኝም፤ ከጦር ሰፈሩ አጥር ውጪም ብቻዬን ወጥቼ አላውቅም ነበር። በሁለተኛው ዓመት ወደ ቆላ ዘመቱና እሱ አልተመለሰም። ሞቷል ብሎ የነገረኝ ሰው የለም፤ ያሉኝ “አልተገኘም” ብቻ ነው። አለቃው ወንበር ሰጥቶ በጨዋ ደንብ አጽናናኝና፣ ክፍሉ ለሌላ ባለትዳር እንደሚፈለግ ነገረኝ። አንድ የቆርቆሮ ሳጥንና አንድ ብርድ ልብስ ይዤ ወጣሁ።

ወደ አገሬ ለምን እንዳልተመለስኩ ብዙ ሰው ጠይቆኛል። እናቴ ከሞተች ቆይታለች። አባቴ ደግሞ ወታደር ተከትላ ኮበለለች ብሎ ስሜ በቤቱ እንዳይነሳ ከልክሏል። በዚያ ላይ ያልተገኘ ሰው ሚስት ነኝ፤ ለባሌ ተዝካር አላወጣለት፣ ቁጭ ብዬ አልጠብቀው።

ሓዝሓዝ የሚባለው ሰፈር ውስጥ ክፍል የሚያከራዩ አንዲት ሴትዮ አሉ ብለውኝ ሄድኩ። እንደ አገሩ ደንብ ሁሉም “አደይ” ነው የሚላቸው፣ እናቴ ማለት ነው። አማርኛዬን ሲሰሙ ፊታቸው ቅጭም አለ። ያን ጊዜ ከተማው ውስጥ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚነጋገርበት ወቅት ነበር፤ እኔ ስጠጋ ደግሞ ጭራሽ ዝም ይላል። አደይ ትንሽ አሰቡና በትግርኛ ቅላጼ፣ “ባዶ ክፍል የለኝም፣ ጓለይ፣ ልጄ። አንቺን የመሰለች አንዲት አለች፤ እሷ እወ ካለች ግቢ” አሉኝ።

ወሎዬዋን ያገኘኋት እንደዚህ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከእኔ አሥር ዓመት ያህል የምትበልጥ ሴት ነበረች። የአንድ ሹም ቤተሰብ ወጥ ቤት ሠራተኛ አድርጎ አምጥቷት፣ ሹሙ ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር ጥለዋት ሄደዋል። እመቤቲቱ “ዓይኗ እንግዳ ያስጠላል” ብለዋል አሉ። በሩ ላይ ቆማ አንገቷን ወደ ጎን ዘንበል አድርጋ አየችኝ።

“ከወዴት ነሽ?”

“ከጎጃም።”

“እኔ ከየጁ ነኝ። አልጋዋ ጠባብ ናት። ትራገጫለሽ?”

“እንጃ፤ ባሌ ነግሮኝ አያውቅም።”

ሳቀች። ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ ወሎዬዋ እላታለሁ፣ እሷ ጎጃሜዋ ትለኛለች።

የምትሠራው የልብስ ቁልፍ የሚሠራበት ፋብሪካ ውስጥ ነበር፤ በሳምንቱ እኔንም አስገባችኝ። ከቆላ የሚመጣው እንደ ድንጋይ የጠነከረ የዘንባባ ፍሬ እየተቆረጠ፣ እየተበሳና ቀለም እየተነከረ ቁልፍ ይሆናል። ሴቶቹ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን ጠርዙ የተሸረፈውን፣ ቀዳዳው የተዛነፈውን፣ ቀለሙ ያልተስማማውን እንለያለን። አብዛኞቹ የከተማው ልጆች ናቸው። ክፉ አልነበሩም። ግን ሻሂ ሲጠጡ በትግርኛ ነው የሚጫወቱት፤ እኛ ስንጠጋ ትንሽ ቦታ ይለቁልንና ጨዋታው ይቀዘቅዛል። የወታደሮቹ ሚስቶች ደግሞ ባል ስለሌለን አይፈልጉንም። እኔና እሷ ከማንም ወገን አልነበርንም። ስለዚህ እርስ በርስ ተያያዝን።

ወሎዬዋ ከልጅነቷ ጀምሮ የዓይን ማዝ ነበረባት። የዓይኗ ቆብ ወደ ውስጥ ታጥፎ ሽፋሽፍቷ ብሌኗን ይወጋዋል። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ እቀመጣለሁ፤ እሷ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ ታሳርፋለች፤ እኔ በወረንጦ አንድ በአንድ እነቅልላታለሁ። እንባዋ እየወረደ ታወራለች። ስለ የጁ፣ ስለ ወንድሟ፣ በሰርጓ ዕለት በቅሎዋ ስለደነበረባት ሙሽራ። እኔ እስቅና እጄ ይንቀጠቀጣል፤ “ቀስ፣ አንቺ ሴት፣ የቀረችኝን እንዳታወጪያት!” ትለኛለች።

አንድ ጊዜ ሐኪም ቤት ይዣት ሄጄ ነበር። ሐኪሙ በትንሽ መብራት አየና ራሱን ነቀነቀ።

“ጠባሳው ብሌኑ ላይ ወጥቷል። አይነሳም። ዘግይታችኋል።”

ዘግይታችኋል ሲል እኔንም ጨምሮ ነው፤ አብሬአት ሠላሳ ዓመት የኖርኩ ይመስል።

እየቆየች ሰው መለየት አቃታት። ፋብሪካው ውስጥ ግን ማንም አላወቀም፤ ዘዴ አበጅተን ነበር። ጎን ለጎን ነው የምንቀመጠው። እሷ የሁለታችንንም ቁልፎች በጣቷ እየዳሰሰች የተሸረፈውንና የተዛነፈውን ታወጣለች፤ እኔ የሁለታችንንም ቀለም እለያለሁ። ጣቷ ከማንም ዓይን ይፈጥን ነበር። ከጠረጴዛው ሁሉ ቀድመን የምንጨርሰው እኛ ሆንን። ያ ጊዜ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አስመራ ውስጥ ደስ ያለኝ ብቸኛው ጊዜ ነው። የልብስ ስፌት እንማራለን፣ እኔ እሰፋለሁ አንቺ ቁልፍ ትተክያለሽ እንባባል ነበር።

የሥራ ኃላፊያችንን በጣልያንኛው “ካፖ” ነበር የምንላቸው። በጣልያን ጊዜ የሠሩ፣ ዝምተኛ የአስመራ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ቀን ወሬ በዛ ብለው የሁላችንንም ቦታ ቀያየሩ። ወሎዬዋ ወደ ጠረጴዛው ሌላኛው ጫፍ ሄደች።

ሦስት ሳምንት እንደምንም ቆየች። ከዚያ ነጭና ቡናማ የተቀላቀለበት ካርቶን ከገዢ ተመልሶ መጣ። ካፖው ካርቶኑን ይዘው መጥተው አጠገቧ ቆሙ። አንድ ቁልፍ አንስተው መዳፏ ላይ አኖሩ።

“ይኼ እንዴት ነው?”

በአውራ ጣቷ ዞር ዞር አድርጋ ዳሰሰችው። “ደህና ነው። አልተሸረፈም።”

“ቀለሙን ነው የጠየቅኩሽ።”

ጭንቅላቷ ወደ እኔ ወገን ዞረ፤ የት እንደምቀመጥ ታውቃለች።

“ነጭ” አለች።

ቡናማ ነበር።

ካፖው አልጮኹም። ቁልፉን ከእጇ ወሰዱና ወደ እኔ ዞሩ። “አንቺ ከሷ ጋር ነው የምትኖሪው። እንደማታይ ታውቂ ነበር?”

ጠረጴዛው ሁሉ ያየኛል። አጠገቤ ያለችው ልጅ ጉልበቷ ጉልበቴን ይነካል። አላሰብኩም፤ ሳላስብ ነው ከአፌ የወጣው።

“አላውቅም” አልኩ።

ወሎዬዋ ሰማችኝ። ሽርጧን ፈትታ፣ አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ግድግዳውን በእጇ እየተከተለች ወጣች። ከወንበሬ አልተነሳሁም። የሥራው ሰዓት እስኪያልቅ ነጭና ቡናማ ስለይ ዋልኩ።

ቤት ስደርስ ሽሮ ሠርታ ትጠብቀኛለች። እግሯ ሥር ተንበረከክሁ።

“ይቅር በይኝ።”

“ምን አድርገሽ?”

“ሰምተሻል።”

“ሁለታችን ብንባረር ማን ያበላን ነበር? ደግ አደረግሽ። ነይ ብዪ።”

ደግ አደረግሽ ማለቷ ነው እስከ ዛሬ የማይለቀኝ። ብትሰድበኝ፣ ብታለቅስ፣ ይቅርታ የምለምንበት ነገር አገኝ ነበር። በሚመጣው እሑድ ወረንጦዬን ይዤ ፀሐይ ላይ ተቀመጥኩና ጠራኋት። “ዛሬ አይወጋኝም” አለች። በሌላውም እሑድ አይወጋትም። ዓይኗ ግን ቀልቶ ያለቅሳል። አንድ ቅዳሜ ከሥራ ቀደም ብዬ ስመለስ፣ አደይ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ የወሎዬዋ ጭንቅላት ጭናቸው ላይ ነው፤ እሳቸው ይነቅሉላታል። አማርኛ ብዙ አይችሉም፣ እሷም ትግርኛ አትችልም፤ ዝም ብለው ነው። አደይ ቀና ብለው አዩኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ወደ ክፍሌ ገባሁ።

ከዚያ በኋላ አልተጣላንም። ብንጣላ ይሻል ነበር። ክፍሉን ትጠርጋለች፣ ልብሴን ታጥባለች፣ ስመጣ ትነሳልኛለች። ጓደኛዬ መሆኗ ቀርቶ አገልጋዬ ሆነች፤ ተይ ስላት “ታዲያ ምን ላድርግ?” ትላለች።

በክረምቱ መጨረሻ ወደ ደሴ የሚጭን የአገሯ ሰው ሹፌር አገኘች። ልሂድ አለች።

“ማን ጋ?”

“ወንድሜ አለ።”

ከወንድሟ በእነዚያ ዓመታት አንድም ቃል አልመጣላትም። እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። አትሂጂ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ደክሞኝ ነበር። ከዚያም የባሰ አለ፤ ፊቷን ሳላይ መዋልና ማደር እንደምችል ሳስብ ቀለል ብሎኝ ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

የጭነት መኪናው ወደሚቆምበት ይዣት ሄድኩ። አደይ የቋጠሩላትን ሕምባሻ በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛለች። ሹፌሩ ደግፎ አወጣት። ከላይ ሆና እጇን ሰደደችልኝና ፊቴን ዳሰሰችው፤ ግንባሬን፣ አፍንጫዬን፣ አገጬን፣ ቁልፍ እንደምትዳስስ።

“ከስተሻል” አለችኝ። “ብዪ እንጂ።”

መኪናው ተነሳ። እጄን አወዛወዝኩ፤ ለማን እንደማወዛውዝ እንጃ።

በሚቀጥለው ዓመት ወሎ ረሃብ ገባ ተባለ። መጀመሪያ ሹክሹክታ ነበር፤ ኋላ የተራቡት ሰዎች ራሳቸው በመንገድ ዳር ታዩ። ሹፌሩን ፈልጌ አገኘሁትና ጠየቅኩት። ወልድያ ገበያ መንገድ ላይ እንዳወረዳት ነገረኝ። ወንድሟ አልመጣም፤ አንዲት ገበያተኛ ሴት ትከሻዋን አስይዛት ይዛት ሄደች። ሌላ የሚያውቀው የለም። በተመላለሰ ቁጥር እንዲጠይቅልኝ ለመንኩት። ጠየቀልኝ መሰለኝ፤ አንድ ቀን ግን “እህቴ፣ ያ አገር ሰው አልቀረበትም፤ ማንን ልጠይቅ?” አለኝ። ከዚያ ወዲያ ወደ እሱ አልሄድኩም።

አደይ ሌላ ተከራይ ልጨምርልሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ከትግራይ የመጣች፣ ሥራ የምትፈልግ ልጅ ነበረች፤ በሩ ላይ ጥቅሏን ይዛ ቆማለች። ክፍሉ ጠባብ ነው አልኩ። አደይ ልጅቷን ወደ ሌላ ቤት ይዘዋት ሄዱ፤ እኔ በሩን ዘጋሁ።